ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ካሜራው ሳይከፈት ነው፤ መደምደሚያውን ወስኖ መውጣት። እንዲህ ያደረገ ሰው ቃለ መጠይቅ አያደርግም፣ ምስክር ይመለምላል። አሜሪካዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ኤሮል ሞሪስ ቴክሳስ የሄደው፣ ተከሳሾች አደገኛ ናቸው እያለ ለፍርድ ቤት ስለሚመሰክር አንድ የአእምሮ ሐኪም ፊልም ሊሠራ ነበር። እስር ቤት ያገኘው ራንዳል አዳምስ ግን ፖሊስ ገደልክ ተብሎ ያለ ጥፋቱ እንደታሰረ ነገረው። ሞሪስ ሐኪሙን ትቶ የእስረኛውን ጉዳይ ተከተለ። ፊልሙ «ዘ ቲን ብሉ ላይን» እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ፤ በዓመቱ አዳምስ ተፈታ።

ሌላው አስመስሎ መቅረጽ ነው። ነገሩ ግን ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 ለታየው፣ ስለ ሰሜን ካናዳ ኢኑዊት ሕዝብ ለሚያሳየው «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» የበረዶ ቤቱን ውስጥ የቀረጸው አንድ ጎኑን ክፍት አድርጎ ነው፤ የዚያ ዘመን ካሜራ በጨለማ አያይም። ይህን ይቅር እለዋለሁ። ጠመንጃ የለመዱ አዳኞችን በጦር እንዲያድኑ ማድረጉን ግን አልቀበለውም፤ ተመልካቹ የእነሱን ኑሮ ያየ መስሎት የአያቶቻቸውን ነው ያየው።

ክሎድ ላንዝማንም በ«ሾዋ» (1985) ትዕይንት አዘጋጅቷል። በናዚዎች የትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ወደ ጋዝ ክፍል የሚነዱ ሴቶችን ፀጉር እንዲቆርጥ የተገደደን ሰው፣ ፀጉር ቤት ተከራይቶ፣ መቀስ አስይዞ አናገረው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ከሰውየው አፍ የወጣው ግን የራሱ ትዝታ ነው።

ዝምታን መፍራትም ስህተት መሆኑን ያሳየኝ ይኸው ትዕይንት ነው። ሰውየው መሃል ላይ ቃል ያጥረዋል። ጀማሪ ቢሆን ሌላ ጥያቄ ጣል ያደርጋል፣ ወይም ደንግጦ ካሜራውን ያጠፋል። እዚያ ግን ቀረጻው ቀጠለ። (ላንዝማን ሰውየውን እንዲናገር መወትወቱ ልክ ነበር? ባየሁት ቁጥር ሐሳቤ ይለዋወጣል።)

ስለ ድምፅ ብዙ አልልም። የደበዘዘ ምስል ይታለፋል፣ የማይሰማ ንግግር አይታለፍም፤ ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው ጠጋ ያድርጉት። ዓይን ያየውን ተራኪ አይድገመው። አልቅሱ የሚል ሙዚቃም ይቅር።

የደከሙበትን ሁሉ ማስገባት ደግሞ የኤዲቲንግ ክፍል በሽታ ነው። ስለ ሁለት ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የሚተርከው «ሁፕ ድሪምስ» (1994) የ30 ደቂቃ ፊልም ሊሆን ታስቦ ተጀምሮ ዓመታት ፈጀ፤ 250 ሰዓት ያህል ተቀርጾ ለተመልካች የቀረበው ሦስት ሰዓት አይሞላም። የቀረው ሁሉ መጥፎ ስለነበረ አይመስለኝም።

የመጨረሻው፣ እጅ የገባውን ሁሉ ማሳየት ነው። ቨርነር ኸርዞግ «ግሪዝሊ ማን»ን (2005) ሲሠራ፣ በድቦች መሃል ይኖር የነበረውን ባለታሪክ ድብ ሲገድለው የተቀዳ ድምፅ ነበር፤ የካሜራው መነጽር ተከድኖ ስለነበር ምስል የለውም። ኸርዞግ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው እናያለን፤ እኛ ግን አንሰማም። ከፊቱ የተቀመጠችው የካሴቱ ባለቤት የሟቹ የቀድሞ ወዳጅ ናት። ካሴቱ እንዲጠፋ ጠየቃትና፣ መቼም እንዳትሰሚው አላት።