የድሮ ሞኒተር ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት፦ ኮንቨርተር ከመግዛታችሁ በፊት

ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣች 17 ወይ 19 ኢንች ሞኒተር ካለቻችሁ እንዳትጥሏት፣ ለኤክሴልም ለኮድም ለምናምንም ሁለተኛ ስክሪን ትሆናለች። መጀመሪያ ከጀርባዋ እዩ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነችው፣ 15 ቀዳዳ ያላት፣ ግራና ቀኝ በብሎን የምትጠብቀው ቪጂኤ ናት፣ ሰፋ ያለችው ነጭ ደግሞ ዲቪአይ። ሁለቱም ካሏት በዲቪአይ ግቡ፣ ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ፊደል ትንሽ ሊያደበዝዝ ይችላል፣ የዲቪአይና የኤችዲኤምአይ (ላፕቶፑ ላይ ያለው የምስል መውጫ) ዲጂታል ሲግናል ግን ስለሚግባባ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ተራ ኬብል ይበቃል።

ቪጂኤ ብቻ ካላት ኮንቨርተር፣ ማለትም አንዱን ሲግናል ወደ ሌላው የሚቀይር ትንሽ ዕቃ፣ ግድ ነው፣ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ኮንቨርተር አቅጣጫ አለው! እናንተ የምትፈልጉት ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን ነው፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለው ለድሮ ላፕቶፕና ለአዲስ ቲቪ የተሰራ ነው፣ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ባለሱቁም "ያው ነው" ሊላችሁ ይችላል፣ ያው አይደለም፣ ገልብጣችሁ ብትሰኩትም አይሰራም። ደግሞ ውስጡ ቺፕ የሌለው፣ ባንድ በኩል ኤችዲኤምአይ በሌላው ቪጂኤ የሆነ ርካሽ ኬብል አለ፣ እሱን እለፉት። ቪጂኤ ድምፅ አይወስድም፣ ድምፁ ከላፕቶፑ ይወጣል።

ላፕቶፓችሁ ታይፕ ሲ ብቻ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ሁሉም ታይፕ ሲ ምስል አያወጣም፣ አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ነው። አጠገቡ የተንደርቦልት መብረቅ ወይ የዲስፕሌይፖርት ምልክት ካለ ጥሩ፣ ምንም ከሌለ የሞዴሉን ስፔክ ፈልጉና ዲስፕሌይፖርት የሚል ካለ እዩ፣ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ሁለት ሞኒተር ከፈለጋችሁ አንዱን በኤችዲኤምአይ ሌላውን በታይፕ ሲ አድርጉት። ስፕሊተር አትግዙ፣ እሱ አንዱን ምስል ሁለቱም ላይ ይደግመዋል እንጂ የተለያየ ነገር አያሳይም። ማክቡክ ኤር ኤም 1 እና ኤም 2 ያላችሁ ደግሞ በኬብል አንድ ሞኒተር ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ለሁለተኛው ዲስፕሌይሊንክ (ምስሉን በሶፍትዌር የሚልክ ቴክኖሎጂ) ያለው ዶክ፣ ማለትም ብዙ መሰኪያ ያለው ማገናኛ ሳጥን፣ ገዝታችሁ ሶፍትዌሩን መጫን ይኖርባችኋል።

ሰክታችሁ "ኖ ሲግናል" ካለ በሞኒተሩ ቁልፍ ኢንፑቱን ቀይሩ። ከዛ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና የP ፊደል ቁልፍን አንድ ላይ ተጫኑና ኤክስቴንድ (Extend) በሉት። ሞኒተሩ በግራችሁ ተቀምጦ ማውሱ በቀኝ በኩል ካልሆነ አልሻገር ካለ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ 1 እና 2 የሚሉትን ሳጥኖች በማውስ ጎትታችሁ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉት አስቀምጧቸው። ካሬ መሳይ ሞኒተር ላይ ሰው ሁሉ ቀጥኖ ወይ ወፍሮ ከታየ ሪዞሉሽኑን 1280 በ1024 አድርጉት፣ አብዛኞቹ 17 እና 19 ኢንች ካሬዎች የተሰሩት ለሱ ነው። በቪጂኤ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ደግሞ ሞኒተሩ ላይ ኦቶ የምትል ቁልፍ አለች፣ እሷን ተጫኑና ትንሽ ጠብቁ፣ ራሱ ይስተካከላል።