ስለ ኤሌክትሮን ስፒንና ሄሊሲቲ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር፣ ስሌቱን ያለ እንከን ሠርተው ትርጉሙ ላይ የሚሰናከሉ ጎበዝ ተማሪዎች ገጥመውኛል። ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክላቸው «ስፒን» የሚለው ስም ራሱ ነው፤ ቃሉ «መሽከርከር» ማለት ቢሆንም፣ በፊዚክስ የሚሰይመው ቅንጣቱ በተፈጥሮው የያዘውን የሽክርክሪት መጠን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ኤሌክትሮንን በዛቢያው ላይ እንደሚሽከረከር ትንሽ ኳስ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኡለንቤክና ጎድስሚት የስፒንን ሐሳብ ሲያቀርቡ ይኸው ሥዕል ነበር የታያቸው፤ ነገር ግን 2.8 × 10⁻¹⁵ ሜትር ራዲየስ ያለው ኳስ የኤሌክትሮንን ስፒን እንዲያስገኝ ከተፈለገ፣ ገጹ ከብርሃን ፍጥነት ከ100 እጥፍ በላይ መፍጠን ይኖርበታል። እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበት እንዝርት ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል፤ የኤሌክትሮን ስፒን ግን ምንጊዜም ½ ነው። ከዚህም በላይ 360 ዲግሪ ስናዞረው የሞገድ ፈንክሽኑ (የኤሌክትሮኑን ሁኔታ የሚገልጸው የሒሳብ መግለጫ) ምልክት ይገለበጣል፤ ወደነበረበት የሚመለሰው 720 ዲግሪ ሲዞር ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ስፒኑ ወደ ላይ ነው» ሲባል ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ቀንቷል ብሎ ማሰብ ነው፤ ጠቅላላ መጠኑ 0.87 ኤች-ባር (ስፒን የሚለካበት አሃድ) ሲሆን በዚያ አቅጣጫ የሚለካው 0.5 ብቻ ነው።

ሦስተኛውና እጅግ የተለመደው ስህተት፣ ሄሊሲቲን የኤሌክትሮኑ የማይለወጥ ጠባይ አድርጎ መውሰድ ነው። ሄሊሲቲ ስፒኑ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ያለውን ዝምድና ይገልጻል፤ እዚህ ላይ እንዝርቱ ይጠቅመናል። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በዝግታ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የተጋደመ እንዝርት ይሽከረከራል እንበል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው የቀኝ አውራ ጣቱን ወደ ኮምቦልቻ ቢቀስር፣ የታጠፉት ጣቶቹ ሽክርክሪቱን ይከተላሉ፤ ስለዚህ ቀኝ-እጅ ነው ይላል። መኪናውን ቀድሞ በሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ግን እንዝርቱ ወደ ደሴ የሚመለስ ይመስለዋል፤ ሽክርክሪቱ ሳይለወጥ የጉዞው አቅጣጫ ስለተገለበጠ፣ ለእርሱ ግራ-እጅ ነው። ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ስላለው ሊቀደም ይችላል፤ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ግን አይቀደምም። ስለሆነም የኤሌክትሮንን ሄሊሲቲ ስትጽፉ፣ ከየትኛው ተመልካች አንጻር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

የመጨረሻው ስህተት ሄሊሲቲንና ካይራሊቲን (ደካማው ኃይል፣ ማለትም ቅንጣቶችን የሚያፈርሰው ኃይል፣ ለይቶ የሚያየውን የቅንጣቱን የግራ ወይም የቀኝ ጠባይ) አንድ ማድረግ ነው። ሁለቱ የሚገጣጠሙት መጠነ ቁስ በሌለው ቅንጣት ላይ ብቻ ነው። ካይራሊቲ በተመልካቹ አይለወጥም፤ ነገር ግን መጠነ ቁስ ግራውንና ቀኙን ያቀላቅላል። ልዩነቱ በላቦራቶሪ የሚታይ ነው፦ አሉታዊ ፓዮን (ቶሎ የሚፈርስ ቅንጣት) ስፒን ስለሌለው፣ ወደ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ (መጠነ ቁሱ እጅግ ኢምንት የሆነ ቅንጣት) ሲፈርስ አንቲኒውትሪኖውና ኤሌክትሮኑ በተቃራኒ አቅጣጫ እየበረሩ ሁለቱም ቀኝ-እጅ ሄሊሲቲ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ ደካማው ኃይል ግን የሚያወጣው የግራ ካይራሊቲ ያለውን ኤሌክትሮን ነው። ፓዮኑ በኤሌክትሮን ፋንታ ሙዮን የተባለውን ቅንጣት ሊያወጣ ይችላል፤ ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ያህል የሚከብደው ሙዮን ግራውና ቀኙ ይበልጥ ስለሚቀላቀሉ ይህን መሰናክል በቀላሉ ያልፋል፤ ከ10,000 ፓዮኖች ወደ ኤሌክትሮን የሚፈርሰው በአማካይ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ባይኖረው ኖሮ ያ አንዱም ባልተገኘ ነበር።