ክፓሊሜ ለሚሄድ ሰው፦ ቢቀሩ የሚሻሉ ስህተቶች

የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው አስካይ የተባለው አየር መንገድ መቀመጫው እዚያ ነው፤ በሥራም በትራንዚትም የሚያልፍባት ብዙ ነው። ትርፍ ቀን ያገኘ ሰው ታዲያ «ክፓሊሜ ውጣ» ይባላል። ወደ ሰሜን ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራ፣ ደን፣ ፏፏቴ አለ። ደስ ብሎት የሚመለስ አለ፤ «ይሄው ነው እንዴ?» እያለ የሚመለስም አይጠፋም። የኋለኞቹ ስህተት ይመሳሰላል።

ሪዞርት ፍለጋ መሄድ

ክፓሊሜ የገበሬ ከተማ ናት። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1907 ከሎሜ ባቡር የዘረጉላት ካካዎን (ቸኮሌት የሚሠራበትን ፍሬ) እና ሌላ ምርት ወደ ወደብ ለማውረድ ነበር። ዛሬ ባቡሩ የለም፣ ንግዱ ግን አለ። ቱሪዝሙ የጎን ገቢ ነው። ጠዋት ቢራቢሮ የሚያሳያችሁ አስጎብኚ ከሰዓት ማሳው ላይ ቢገኝ አይግረማችሁ። ሁሉ ነገር በሰዓቱ ይሁንልኝ የሚል ሰው እዚህ ይበሳጫል።

ስጥ መርገጥ

የካካዎ ዋናው ምርት ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ ይደርሳል። ያኔ ግቢውም የመንገዱ ዳርም ስጥ በስጥ ይሆናል። ካካዎ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ፍሬው የሚያፈራው ከግንዱ ላይ ነው፤ ሰው የለጠፈው ይመስላል። ሲሰነጠቅ ዘሩ በነጭና በሚያዳልጥ ሥጋ ተሸፍኖ ይወጣል። ነጩን ምጠጡት፤ ጣፋጭ ነው፣ ኮምጠጥም ይላል። ዘሩን ግን አታኝኩት፣ ይመራል። ገበሬው ይህን ከምሮ በሙዝ ቅጠል ይሸፍንና አምስት ስድስት ቀን ያብላላዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሳይብላላ የቸኮሌት ጣዕም የለም። የዓመት ቀለብና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እዚያ ሸራ ላይ ነው ያለው። ለፎቶ ብሎ በጫማ ስጡ ላይ መውጣት፣ እናታችሁ ያሰጣችው በርበሬ ላይ እንደመቆም ነው። ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል።

በቡና መኩራራት

ቡና የእኛ መሆኑን እነሱም ያውቃሉ። እዚያ በብዛት የሚበቅለው ግን ሮቡስታ ነው፦ ዝቅ ባለ ሞቃት ቦታ የሚስማማው፣ ካፌኑ ከአረቢካ እጥፍ የሚጠጋ፣ መረር ያለ። ከይርጋጨፌ ጋር እያወዳደሩ ፊት ማጨማደድ ነውር ነው። ጀበና ፍለጋ መንከራተትም ትርፉ ድካም ነው። ምርቱ በአብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል፤ በየመንገዱ ዳር የምታገኙት ኔስካፌ በቆርቆሮ ወተት ነው። (እኔን ከጠየቃችሁኝ በጠዋቱ አይከፋም።) ይልቅ ማሳውን እዩት። ቡናውና ካካዎው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሙዝና ከያም (ከቦዬ) ጋር ተሰባጥሮ ነው የሚበቅለው። ጌዴኦን የሚያውቅ ሰው አገሩን ያስታውሰዋል።

ወቅቱን ሳያዩ መነሳት

አጉ ተራራ 986 ሜትር ነው፤ የቶጎ ትልቁ ጫፍ። ሳቅ እንዳይመጣችሁ፣ ድሬዳዋ በከፍታ ትበልጠዋለች። ጥሩነቱ እይታው ላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ሐርማታን የሚባለው ነፋስ የሰሃራን አቧራ ያመጣና ሁሉን ነገር ይጋርደዋል። ፏፏቴዎቹም በበጋው ይሳሳሉ። በዝናቡ ደግሞ ውኃው ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ለእኔ የዝናቡ ማብቂያ፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይሻላል።

ብር ሁሉ ሎሜ ላይ ማፍሰስ

ጉዞውን ጠቅልሎ ሎሜ ላይ መክፈል ይቀላል፤ ለመንደሩ የሚደርሰው ግን ያንሳል። ኩማ ኮንዳ በተባለው መንደር ውስጥ ቢራቢሮና ዕፅዋት እያሳዩ፣ ከቅጠልና ከቅርፊት ቀለም እየጨመቁ ሥዕል የሚሠሩ የመንደሩ አስጎብኚዎች አሉ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ በእጃቸው ስጧቸው። በቀኝ እጅ ታዲያ፤ በግራ መስጠት ስድብ ነው። የ10,000 ሴፋ (የአገሩ ገንዘብ) ኖት ይዞ ዜሚጃን፣ ማለትም ሞተር ታክሲ ላይ መውጣት ደግሞ ጠብ መፈለግ ነው። ዝርዝር የለውም። የቢጫ ወባ ካርድ አትርሱ፤ ለተራውም ወባ ደገኛ ይጠንቀቅ።

ድንበሩን ቀላል አድርጎ ማየት

የጋና ድንበር ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ወዲያም ወዲህም የሚኖረው የኤዌ ሕዝብ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመኖችን ቶጎላንድ ሲከፋፈሉ ዘመድ ከዘመድ ተቆራረጠ። ካካዎው ግን መስመሩን ብዙም አያከብርም። ጋና ውስጥ ለገበሬው የሚከፈለውን ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ነው፤ ቶጎ ውስጥ ዋጋው የዓለም ገበያን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለሙ ዋጋ በቶን ከ10,000 ዶላር ሲያልፍ የጋናው ተመን ወደኋላ ቀረ፣ ኮንትሮባንዱም ደራ። ስለዚህ ገበያ ላይ ያያችሁት ካካዎ ሁሉ የቶጎ ነው አትበሉ፤ ነጋዴውንም «ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ አታፋጥጡት። እናንተም «ቅርብ ነው» ብላችሁ ብድግ እንዳትሉ። የኢኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር) አገር ዜጋ ያለ ቪዛ ያልፋል፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ለጋና የሚያስፈልገውን ጨርሱ፤ ወደ ቶጎም ተመልሳችሁ መግባት እንደምትችሉ ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ።