ለአራስ ልጅ የኪሮሽ ጫማ እንዴት ይሠራል?

የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጥር ላይ ነው። ባሕር ዳር በጥር ቀኑ ብሩህ ነው፤ ንጋት ላይ ግን ከጣና የሚመጣው አየር እግር ያቀዘቅዛል። አራስ ጥየቃ ስንሄድ በእጄ የሠራሁትን ጫማ ይዤ ሄድኩ። እናቴ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ከተቀመጠች በኋላ ጫማውን ተቀበለችኝ። ውጭውን ሳታይ ገለበጠችው። ውስጡን በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ልክ የሕፃኗ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቋጠሮ አገኘች። «ልጅቷ የምትለብሰው በዚህ በኩል ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሕፃን ጫማ ስሠራ የማስበው ከውስጥ ነው።

መጀመሪያ ክሩ። መካከለኛ ውፍረት ያለው ለስላሳ የጥጥ ክር ግዙ። 50 ግራም ለአንድ ጥንድ በቂ ነው። 3.5 ሚሊ ሜትር የኪሮሽ መርፌ፣ ዓይኑ ሰፊና ጫፉ ደነዝ የሆነ የስፌት መርፌ እና መቀስ ያስፈልጋሉ። ቅዳሜ ገበያ ክር ስትመርጡ በዓይን ብቻ አትመኑ፤ የክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አሸት አድርጉት። ከቆረቆራችሁ ተዉት። ጸጉራም ክርም ይቅርባችሁ፤ ሕፃን እግሩን ጎትቶ አፉ የሚከትበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሰው ሠራሽ ክር ዋጋው ይቀላል፣ ቀለሙም ያምራል፤ ግን ላብ አይመጥም። በእኛ ከተማ የቀን ሙቀት እግሩ በላብ ይርሳል። በእንዝርት የተፈተለ ማግ በጣም እወዳለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመክረውም። ውፍረቱ ስለሚለያይ ሁለቱ ጫማዎች እኩል አይወጡም።

መነሻው ሰንሰለት ነው፦ መርፌው ላይ ካለው ቀለበት ውስጥ ክር ይዛችሁ ስታሳልፉ አንድ ሰንሰለት ይሆናል። መርፌው የሚገባበትን የሰንሰለት ወይም የስፌት ራስ ዓይን እለዋለሁ። ከሰንሰለት ሌላ የሚያስፈልጉት ስፌቶች ሁለት ናቸው። አጭር ስፌት ስል፦ መርፌውን ዓይኑ ውስጥ አስገብታችሁ ክር ሳቡ። መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል። እንደገና ክር ይዛችሁ በሁለቱም ውስጥ አሳልፉ። ረጅም ስፌት ስል ደግሞ፦ ክሩን አስቀድማችሁ አንዴ መርፌው ላይ ጠምጥሙ፤ ከዚያ ዓይኑ ውስጥ አስገብታችሁ ሳቡ። ሦስት ቀለበት ይሆናል። ክር ይዛችሁ በሁለቱ አሳልፉ፣ እንደገና ይዛችሁ በቀሩት ሁለቱ አሳልፉ። አዲስ ከሆናችሁ በትርፍ ክር አንድ ሁለት መስመር ተለማመዱ።

አሁን ከሶሉ እንጀምር። 11 ሰንሰለት ሥሩ። ከመርፌው ሦስተኛው ዓይን ላይ 3 ረጅም ስፌት፣ በሚቀጥሉት 7 ዓይኖች ላይ አንድ አንድ፣ በመጨረሻው ዓይን ላይ 6። ስድስቱ ሥራውን ያዞሩላችኋል። በሰንሰለቱ ሌላኛው ጎን እየተመለሳችሁ 7፣ መጀመሪያ 3 የሠራችሁበት ዓይን ላይ ሌላ 3። ድምሩ 26 ነው። ስትመለሱ የመነሻውን ትርፍ ክር ከሰንሰለቱ ጋር አስተኙትና በላዩ ላይ ሥሩ፤ ያለ ቋጠሮ ይቀበራል። ዙሩን ለመዝጋት መርፌውን የመጀመሪያው ስፌት ራስ ላይ አስገብታችሁ ክሩን በሁሉም ውስጥ በአንዴ ሳቡት።

በሁለተኛው ዙር 2 ሰንሰለት ሠርታችሁ ተነሱ፤ እነዚህን ከቁጥር አታስገቧቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓይኖች ላይ ሁለት ሁለት ረጅም ስፌት፣ በ7ቱ ላይ አንድ አንድ፣ በ6ቱ ላይ ሁለት ሁለት፣ በ7ቱ አንድ አንድ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ሁለት ሁለት። 38 ይሆናል። ሶሉን በማስመሪያ ለኩት። ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እጃችሁ ልክ ነው። ከበለጠ በቀጭን መርፌ፣ ካነሰ በወፍራም እንደገና ጀምሩት። እዚህ ላይ መፍታት የአሥር ደቂቃ ኪሳራ ነው፤ ኋላ ግን ያስቆጫል።

ሦስተኛው ዙር ግድግዳውን ያቆማል። የሶሉን ጠርዝ ከላይ እዩት። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ዓይን የፊትና የኋላ ክር አለው። የኋላውን ብቻ እየያዛችሁ 38 አጭር ስፌት ሥሩ። ጠርዙ ራሱ ይታጠፋል። ከዚያ ሁለቱንም ክር እየያዛችሁ ሁለት ዙር አጭር ስፌት ጨምሩ። የዙሩ መነሻ እንዳይጠፋችሁ ሌላ ቀለም ያለው ክር አስሩበት፤ ስትጨርሱ አውጡት።

ቀጥሎ አፍንጫው ነው፤ የጫማው መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው። ዙሩ ከተረከዙ ስለሚጀምር 13 አጭር ስፌት ሥሩ። ከዚያ ሁለት ረጅም ስፌት አንድ ላይ አዋህዱ፦ የመጀመሪያውን ሁለት ቀለበት እስኪቀር አድርሱና አቁሙት፤ ሁለተኛውን ቀጣዩ ዓይን ላይ እንዲሁ አድርሱ፤ ከዚያ በሦስቱም ቀለበት ክሩን በአንዴ አሳልፉ። ይህን 6 ጊዜ ደጋግሙ። በ13 አጭር ስፌት ጨርሱ፤ 32 ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር 10 አጭር፣ 6 ውህድ፣ 10 አጭር፤ 26 ይቀራል። ክሩን በጣም አትሳቡት። አፍንጫው ከጠበበ ጣቶቹ ይታጠፋሉ።

ለቁርጭምጭሚቱ አንድ ዙር ረጅም ስፌት፣ በላዩ ሁለት ዙር አጭር ስፌት ሥሩ። ማሰሪያው 70 ሰንሰለት ነው። በረጃጅሞቹ ስፌቶች መካከል አንዱን እየዘለላችሁ አሳልፉትና ተረከዙ ላይ በክር ስፉት፤ ተመዝዞ እንዳይወጣ። ዶቃና ቁልፍ ማንጠልጠል የሚወዱ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት፤ ከተበጠሰ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል።

አሁን ጫማውን ገልብጡት። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ የቆረጣችሁትን ክር በደነዙ መርፌ በግድግዳው ስፌቶች ውስጥ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አመላልሱት። ሁለት አቅጣጫ ከሄደ ቋጠሮ አያስፈልገውም። ትርፉን ቁረጡና ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱ። ለስላሳነቱ ብቻ አይበቃም። ውስጥ የቀረ ልቅ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፤ ሕፃኑ ደግሞ ከማልቀስ በቀር መናገሪያ የለውም። ለወላጆቹም ንገሯቸው፦ ጫማው በወለቀ ቁጥር ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዩ።

ሁለተኛውን ጫማ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሥሩት። እጅ ቀን ሲያልፍ ጥብቀቱ ይለወጣል። ሁለቱንም ለብ ባለ ውሃ በሕፃን ሳሙና እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁ፣ ጥላ ውስጥ ፎጣ ላይ አጋድማችሁ አድርቁ።

ለክርስትና የምትሠሩ ከሆነ ልኩን አስቡበት። ወንድ በ40 ቀን ነው፣ ከላይ ያለው ይሆነዋል። ሴት በ80 ቀን ስለሆነ እግሯ እስከዚያ ያድጋል። በ13 ሰንሰለት ጀምሩ፤ በጎን ያሉት 7ቶች 9 ይሆናሉ። ሶሉ 30 ከዚያም 42 ይደርሳል። አፍንጫው ላይ 13ቱ 15፣ 10ሩ ደግሞ 12 ይሆናሉ፤ ለቁርጭምጭሚቱ 30 ይቀራል።