ብረቱን ከመምረጥዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

«ለዚህ ሥራ የትኛው ብረት ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ወጣት መሐንዲስ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ በመሣሪያው ወይም በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ምንድን ነው? ስንት ነው? ምን ያህል ይሞቃል? ይህን ሳያውቁ የብረት ዓይነቶችን ሰንጠረዥ መግለጥ ሕመምተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ መሣሪያውን የሚወክል ሣጥን ይሳሉ። የሚገባውን በአንድ በኩል፣ የሚወጣውን በሌላው በኩል ይጻፉ። ሥራው ሳይዋዥቅ የሚካሄድ ከሆነና ኬሚካላዊ ለውጥ ከሌለ፣ የገባው ሁሉ በዚያው ልክ መውጣት አለበት። ውሃ የሚያተን መሣሪያ እንውሰድ። በሰዓት 1000 ኪሎ ግራም ውሃ ይገባል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም 50 ሚሊ ግራም ክሎራይድ (እንደ ገበታ ጨው ባሉ ጨዎች ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) ይዟል። 900 ኪሎ ግራሙ በእንፋሎት ይወጣል። ክሎራይዱ ግን አይተንም፤ በሰዓት የገባው 50 ግራም በሙሉ በቀረው 100 ኪሎ ግራም ውስጥ ይከማቻል። በኪሎ ግራም 500 ሚሊ ግራም ደረሰ ማለት ነው። ብዙ ሰው ብረት የሚመርጠው የመግቢያውን ቁጥር አይቶ ነው፤ ቀድሞ የሚበሳው ግን የመውጫው ቧንቧ ነው።

የማይዝግ ብረትን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ክሎራይድ ይህን ሽፋን እዚህም እዚያም ይሰብረዋል፤ ከላይ ሲያዩት ኢምንት የሆነ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። 316 የሚባለው ደግሞ ሞሊብዴነም የተባለ ብረት ከ2 እስከ 3 በመቶ ስለሚጨመርበት መበሳትን የበለጠ ይቋቋማል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ ግን ሌላ ጣጣ ይከተላል፦ ውጥረት ያለበት ክፍል፣ በተለይም የብየዳው አካባቢ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እዚህ ላይ 316ም አስተማማኝ አይደለም። ወደ ውድ ብረት ከመሄድ በፊት ክሎራይዱን ከመግቢያው ማስቀረት ይቻል እንደሆነ መመርመርን እመርጣለሁ።

አሲዱ በበረታ ቁጥር ውድ ብረት ያስፈልጋል የሚለውንም አይመኑ። 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ካልሞቀ በተራ የካርቦን ብረት ታንክ ይቀመጣል፤ በብረቱ ላይ የሚፈጠረው የብረት ሰልፌት ሽፋን ይከላከልለታል። ውሃ ገብቶ ከቀጠነ ግን ያንኑ ታንክ በፍጥነት ይበላዋል። ስለዚህ ታንኩ የሚታጠብበትን ጊዜም ያስሉ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሥራ በቆመበት ሰዓት ነው። የክሎሪን ጠባይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ እርጥቡን ክሎሪን ታይታኒየም የተባለው ብረት ይችለዋል፤ ደረቁ ክሎሪን ግን ታይታኒየሙን ሊያቃጥለው ይችላል።

ብረት ከቀየሩ ርዝመቱንም ያስቡ። 10 ሜትር የካርቦን ብረት ቧንቧ በ100 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ 304 ግን ወደ 17። አንዱን በሌላው ሲተኩ የቀድሞውን ድጋፍና ማሰሪያ እንዳለ አይውሰዱ፤ እንደገና ያስሉት።