ከወሎ መጥቶ ቤት ለገዛ ሰው፦ መስኮት ሲቀየር

ወሎ ውስጥ መስኮት የሚያሠራ ሰው በያጅ ጋ ይሄዳል። ልኩን ይሰጣል፣ ብረቱ ይበየዳል፣ ነጠላ መስታወት በስቱኮ ይያዛል፣ አለቀ። ደሴ ከጦሳ ሥር ሌሊቱ ቢበርድም ጋቢ ደርቦ ማደር ይቻላል። የሚኒሶታን ጥር ግን በጋቢ አትወጡትም። ብረትና ነጠላ መስታወት ሙቀቱን ወደ ውጭ ያሳልፉታል፣ የማሞቂያው ቢል እናንተ ላይ ይመጣል። ስለዚህ አሜሪካ ቤት ገዝታችሁ መስኮት ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ሻጩ "ሁሉንም በአንድ ዓይነት እንጨርሰው" ሲል ቶሎ እሺ አትበሉ። መስኮት የሚመረጠው ክፍል በክፍል ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል፣ ማን ይተኛል ብላችሁ እዩ።

ተከራይ ከሆናችሁ መስኮት መቀየር የአከራዩ ጉዳይ ነው። ችግሩን በጽሑፍ አሳውቁት። እስኪስተካከል ድረስ በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠረውን የመስኮት ፕላስቲክ ገዝታችሁ ለጥፉ። ርካሽ ነው፣ ነፋሱንም ይቀንሳል።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጉሙን እዩ። በሁለቱ መስታወቶች መሃል ገብቶ በጨርቅ የማይጠረግ ከሆነ ማሸጊያው ተበላሽቷል። ያኔም ፍሬሙ ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ መስታወቱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ጉሙ በውስጥ በኩል ሆኖ በእጅ የሚጠረግ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቤቱ እርጥበት ነው። የእኛ ቤት ደግሞ እንፋሎት አያጣውም። ምጣዱ አለ፣ ወጡ አለ፣ ጀበናው አለ። በመጀመሪያ የኩሽናውን ፋን እያበራችሁ ለውጡን እዩ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ወሎዬ ቡና ያለ ዕጣን አይሆንለትም። ቡናው ተቆልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ በረካ እስኪደርስ ድረስ የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮኹ አይቀርም። ቡና ለሚፈላበት ክፍል ኬዝመንት የሚባለው፣ እንደ በር ወደ ውጭ የሚከፈተው መስኮት ይመቻል። ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሲዘጋ ጎማው ላይ ተጭኖ ስለሚቆለፍ ነፋስ አያሾልክም። ወደ ጎን የሚንሸራተተው ስላይደር በዋጋ ይሻላል፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ማሸጊያውም ይላላል። ትንንሽ ልጆች ካሉና ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ደብል ሀንግ የሚባለው፣ ሁለቱም ክፍሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ጥሩ ነው። ታችኛውን ቆልፋችሁ የላይኛውን ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። የትንኝ መረቡ ልጅ አይይዝም፣ እባካችሁ እሱን አትመኑ።

መኝታ ቤት ላይ ቸል አትበሉ። እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣው በመስኮት ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ ክፍተቱ ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ ወርዱ ከ20 ኢንች፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች እንዳያንስ ይላል። የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። ኢንሰርት የሚባለው አሠራር አዲሱን መስኮት አሮጌው ፍሬም ውስጥ ስለሚከት ክፍተቱን ያጠባል። በዋጋም በጊዜም ይቀላል፣ ነገር ግን መኝታ ቤት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት በሜትር አስለኩት። እንጨቱ በስብሶ ከሆነ ደግሞ ፍሬሙ ጭምር መነሳት አለበት። ከሀገር የመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ነው የሚተኛው። ሰው የማያስወጣ መስኮት ያለበት ቤዝመንት ውስጥ እንግዳ አታስተኙ።

ቁጥሩ ሲበዛ አትደንግጡ፣ አብሽሩ። መስታወቱ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ሁለቱን ማንበብ ይበቃል። ዩ-ፋክተር ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመልጥ ያሳያል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ኢነርጂ ስታር የሚባለው፣ ኃይል ቆጣቢ ዕቃ የሚለይበት የአሜሪካ መንግሥት ምልክት፣ ከጥቅምት 2023 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በዋናው መስፈርቱ ለሰሜኑ ቀዝቃዛ አካባቢ 0.22 ወይም ከዚያ በታች ይጠይቃል። ሁለተኛው ምን ያህል የፀሐይ ሙቀት እንደሚገባ የሚያሳየው ቁጥር (Solar Heat Gain Coefficient) ነው። ቴክሳስ ላላችሁ 0.23 ወይም ከዚያ በታች ፈልጉ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ግን ፀሐይዋን ማስገባቱ ይጠቅማል። ከደሴ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ጃኬቱን እንደሚያወልቅ፣ የዘመድ ምክርም ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ለፍሬም ብዙ ሰው ቪኒል የሚባለውን ፕላስቲክ ይመርጣል፤ ቀለም አይፈልግም፣ ዋጋውም ይቀላል። ፋይበርግላስ ይጠነክራል፣ ይወደዳል። አሉሚኒየም ብርድ ያስተላልፋል፣ ለሰሜን አልመክረውም። ባለ ሁለት መስታወት፣ ሎው-ኢ የሚባለው ሙቀት የሚመልስ ስስ ቅብ የተቀባና በመሃሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ያለው ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ብርዱ ከባድ ከሆነ ወይም ቤቱ መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ከሆነ ባለ ሦስቱን አስቡበት።

ኮንትራክተሩ የሀገር ልጅ ቢሆንም ላይሰንስና ኢንሹራንስ ጠይቁት፤ አያስቀይምም። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ውስጥ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ የሆነው ሊድ ሊኖር ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ ሰርተፊኬት ያለው ሰው ብቻ ይንካው። ከሦስት ቦታ ዋጋ አምጡ፣ ዩ-ፋክተሩም ውሉ ላይ ይጻፍ። "መንግሥት 600 ዶላር ከታክስ ይቀንስላችኋል" ካሏችሁ፣ ያ የፌዴራል ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። "ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል" የሚል ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ አስፈርሟችሁ ከሆነም፣ የፌዴራሉ ሕግ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል። ቅዳሜም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ኮፒውንም አስቀሩ።