የዳሽቦርድ ጌጅ ሲበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሬዳዋ ሙቀት ለሞተር አይራራም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚደርስባት ከተማ፣ ወደ ሐረር የሚወጣ መኪና ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሶ፣ ሐረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ጭነት የያዘ አይሱዙም ሆነ ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ በዚያ ዳገት ላይ ስለ ሞተሩ ጤና ለሹፌሩ የሚነግረው በዳሽቦርዱ ላይ ባለች ቀጭን መርፌ ነው። ስለዚህ የጌጅ ብልሽት "ሲመቸን እናሠራዋለን" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሲሠራም በግምት ዕቃ እየቀያየሩ መሆን የለበትም።

ጌጅ ብቻውን አይሠራም። በፊውዝ በኩል የሚመጣ ኃይል አለ፣ ሞተሩ ወይም ታንኩ ላይ የተተከለ ሴንሰር አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ አለ፣ ሁሉንም ከመኪናው አካል ጋር የሚያስተሳስር ማሳ አለ። መርፌዋ የምትመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የትኛው እንደተበላሸ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት የለም።

ሳያረጋግጡ "ጌጁ ነው" ብሎ መንዳት

ከስህተቶቹ ሁሉ ሞተር የሚያስቀብረው ይህ ነው። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ራዲያተሩ ይንተከተካል፣ መርፌዋ ግን መሃል ላይ ናት። ሹፌሩ ጌጁን ይከሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጌጁ እውነቱን ተናግሯል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በዚህ ሙቀት ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ይዞለት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃውም ለሞተሩ የተለመደ በሆነ ሙቀት፣ መርፌዋ መሃል ላይ እንዳለች ይፈላል። ጌጁ የሚለካው ሙቀት ነው፤ መፍላቱን አያውቅም። ድሬዳዋ ውስጥ ሰላም ውሎ ደንገጎ ላይ የሚፈላ መኪና ካለዎት፣ መርፌዋም ቀይ የማትነካ ከሆነ፣ ከሴንሰሩ በፊት ክዳኑን ይጠርጥሩ። የሚከፍቱት ግን ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ ትኩስ ክዳን ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ከዚህ የሚብሰው ወደ ሙቀት ስትወጣ የነበረች መርፌ በድንገት ወደ ቅዝቃዜ ስትወርድ ነው። "ተመስገን፣ በረደልን" ብሎ መቀጠል ትልቅ ጥፋት ነው። ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ እስካለ ነው። ውሃው ከፈሰሰና ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ እየነደደ መርፌዋ ትወርዳለች። በዚያች ደቂቃ ዳር ይዘው ሞተሩን ማጥፋት ቴስታታውንና (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሊያድን ይችላል።

የአካባቢያችን ውሃም የራሱ ችግር አለው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ቤት ሁሉ ያውቃል። ይኸው ውሃ ራዲያተር ውስጥ ሲገባ የሴንሰሩን ጫፍ በነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ሙቀቱም ወደ ሴንሰሩ ዘግይቶ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነቱን ሴንሰር አውጥቶ ማጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለዘለቄታው መፍትሔው ግን ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ በጥብጦ መጠቀም ነው።

በዚሁ ሙቀት ፍራቻ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም አለ። ከዚያ በኋላ ከሐረር ሲወርዱ መርፌዋ ከቅዝቃዜው ጫፍ አትነሳም፤ ባለቤቱም "ጌጁ ሞተ" ብሎ አዲስ ሴንሰር ይገዛል። ጌጁ ደኅና ነው። ጎደሎው ቴርሞስታቱ ነው።

ጥርጣሬውን ለመፍታት በሌላ መሣሪያ መለካት ነው። ሳይነኩ የሚለካ የሙቀት መለኪያ ቴርሞስታቱ ቤት ላይ ቢያነጣጥሩ ለእውነቱ የቀረበ ቁጥር ይሰጣል፤ ብዙ ቴርሞስታቶች ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል መከፈት ይጀምራሉ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ ኮምፒውተሩን የሚያነብ ስካነር ሰክቶ ሞተሩ የሚያየውን ሙቀት ከመርፌዋ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ መርፌዋ በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ እንድትቆም ሆን ተብሎ እንደተሠራች ግን አይርሱ።

ሁለት ጌጅ አንድ ላይ ሲያብድ ሁለት ሴንሰር መግዛት

የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ በአንድ ቀን ቢበላሹ ሁለቱ ሴንሰሮች ተማክረው አልሞቱም። በመጀመሪያ የጋራቸውን ይፈልጉ፦ ፊውዙን፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ማሳ፣ በቆዩ መኪናዎች ላይ ደግሞ ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚመጥነውን ትንሽ ሬጉሌተር። ይህች ዕቃ ከ12 ቮልት ቀንሳ እንደ መኪናው ዓይነት 7 ወይም 10 ቮልት ገደማ ታሳልፋለች። ተጣብቃ ሙሉ ኃይል ካሳለፈች ሁለቱም መርፌዎች ከልክ በላይ ይወጣሉ፤ ከተቋረጠች ሁለቱም ይተኛሉ።

ፊውዝ ተቃጥሎ ከተገኘም በትልቁ መተካት የለበትም። በ10 አምፔር ቦታ 30 የተከለ ሰው ችግሩን ከፊውዙ ወደ ሽቦው አዛወረው፤ ሽቦው ደግሞ ከዳሽቦርድ ጀርባ ሲቃጠል አይታይም።

ሽቦ ነቅሎ መፈተንን ያለ ልኩ መጠቀም

ይህ ፈተና አዋቂ ኤሌክትሪሺያን የሚወደው፣ ቸኩሎ የሠራው ደግሞ ዕቃ የሚያቃጥልበት ነው። በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለውን የሙቀት ሴንሰር ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከቴርሞስታቱ ቤት አጠገብ ይገኛል። ሽቦውን ሲነቅሉ መርፌዋ ቅዝቃዜው ጫፍ ላይ መተኛት አለባት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በአነስተኛ የዳሽቦርድ አምፖል በኩል ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ያስነኩ። መርፌዋ ወደ ሙቀት መነሳት ስትጀምር ወዲያው ያላቁ። በቆዩ መኪናዎች መርፌዋ በዝግታ ስለምትነሳ ጥቂት ሰከንድ ይታገሱ።

መርፌዋ ከተነሳች ጌጁና ሽቦው ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሴንሰሩ ማሳ ላይ ነው። ካልተነሳች ያንኑ ፈተና ከጌጁ ጀርባ ይድገሙት፤ እዚያ ከሠራ መሃል ላይ ያለው ሽቦ ተቆርጧል።

ስህተቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሽቦውን ብረት ላይ አስነክቶ መርፌዋ ቀዩን አልፋ እስክትገፋ መተው ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ሽቦው ወደ ኮምፒውተር በሚሄድበት መኪና ላይ መሞከር ነው። ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆነው በኖሩት ፔጆ 404ዎች ዘመን የተለመደ ፈተና፣ ዛሬ ከውጭ ለገባ አዲስ መኪና አይሆንም፤ ለእሱ ስካነር ይቅደም።

የተሳሳተውን ሴንሰር መለወጥ

በብዙ መኪናዎች ላይ ሁለት የሙቀት ሴንሰሮች ጎን ለጎን አሉ፦ አንድ ሽቦ ያለው ለጌጁ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ለኮምፒውተሩ። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሽቦውን ብዛት ይቁጠሩ። አዲሱን ሲያስሩ ደግሞ የሚታሰርበትን ጥርስ በቴፍሎን ጠቅልለው አይሙሉት። ባለ አንድ ሽቦው ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በዚያ ጥርስ በኩል ነው፤ ቴፍሎኑ ከበዛ አዲስ ሴንሰር ተገዝቶ መርፌዋ እንደተኛች ትቀራለች።

የነዳጅ ታንክ አጠገብ በአምፖል መፈተን

ለሙቀቱ ጌጅ የመከርኩትን አምፖል እዚህ እከለክላለሁ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ በእሳት ብልጭታ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ በድሬዳዋ ቀትር የተከፈተ ታንክ ምን እንደሚያወጣ ማሰብ አያስቸግርም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቁ፣ መኪናውን አየር ወዳለበት ያውጡ፣ ሴንሰሩንም ከሽቦው ለይተው በቴስተር ኦም (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታውን መጠን) ብቻ ይለኩ።

በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ታንኩ ባዶ ሲሆን ከ100 ኦም በላይ፣ ሙሉ ሲሆን ከ20 በታች ይነበባል። ሌሎች መኪናዎች ተቃራኒ ናቸው፤ ስለዚህ ለመኪናዎ የወጣውን ቁጥር ይያዙ። ተንሳፋፊው የተያያዘበትን የሴንሰሩን ክንድ በእጅዎ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ሲያነሱት ቁጥሩ ሳይዘል መለወጥ አለበት። መሃል ላይ ድንገት ከጠፋ መርፌዋ "ግማሽ ላይ ስትደርስ ትሞታለች" የሚባለው ለዚህ ነው። ተንሳፋፊውንም ጆሮዎ አጠገብ ይዘው ነቅነቅ ያድርጉት። ውስጡ ነዳጅ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል፤ ሰምጦ ሁልጊዜ ባዶ እያለ ይነግርዎታል።

ዳገት ላይ ቆመው የነዳጅ ጌጅ ተሳሳተ አይበሉ። ነዳጁ ወደ ታንኩ አንድ ወገን ይሰበሰባል።

የዘይት ግፊት መብራትን በሴንሰር ማሳበብ

እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም። መብራቱ ከበራ ወይም መርፌዋ ከወደቀች ሞተሩ ይጥፋ። የዘይቱ መጠን ይታይ፤ መጠኑ ደኅና ከሆነ ሴንሰሩ ወጥቶ በቦታው በእጅ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ገብቶ ይለካ። ከዚህ ልኬት በፊት "ሴንሰሩ ነው" የሚልዎትን ሰው አይስሙ።

ዳሽቦርዱን በጉልበት መክፈት

ባትሪውን ሳያላቁ፣ በተለይ ኤርባግ ባለው መኪና፣ ካቻቪቴ አይንኩ። በቆዩት ላይ የፍጥነት መለኪያውን ኬብል ሳይፈቱ አይሳቡ። ከጀርባ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈው የመዳብ መስመር በቀላሉ ይቀደዳል፤ ለዚህ ነው ሙቀቱን ሊያሠራ የገባ መኪና የመብራት ችግር ይዞ የሚወጣው። መርፌዋንም በጥፍር አይንቀሉ። ከቦታዋ በትንሹ ዞራ ከተመለሰች ንባቧ ሁሉ ይሳሳታል፤ ያለ ማመሳከሪያ ቀድሞ ወደነበረችበት መመለስ አይቻልም። መንቀል ግድ ከሆነ፣ ቁልፉ ተዘግቶ የቆመችበትን ቦታ አስቀድመው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።